ከሚስቃል እስከ ሚሊግራም
የሚዛንና የመስፈሪያ ታሪክ

በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ በአንድ የገበያ ወንጀል ስም የተጠራ ሱራ አለ፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን። ሙጠፊፍ የሚባለው ሚዛንና ስፍር የሚያጎድል ሰው ነው። ጠቅልሎ የሚዘርፍ ሌባ አይደለም፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ነው የሚያጎድለው። የነብዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ) ወገኖች የነበሩት የመድየን ሰዎች ከተወቀሱባቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነበር። ስለሆነም በእስልምና ታሪክ ውስጥ ሚዛን የሱቅ ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ዘካ ይድረስ አይድረስ የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ ዘካተል ፊጥር የሚወጣውም በስፍር ነው።

ዛሬ እነዚህ ልኬቶች የሚደርሱን ወደ ግራምና ወደ ኪሎ ተለውጠው ነው። «የወርቅ ኒሳብ 85 ግራም ነው፤ የብር ማዕድን ኒሳብ ደግሞ 595 ግራም» ይባላል። ሌላው መጥቶ «ሷዕ ማለት 2.04 ኪሎ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «የለም፣ ሦስት ኪሎ ነው» ይላል። ውድ አንባቢያን፣ እነዚህ ቁጥሮች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ግራም የሚባለው ቃል ራሱ በክብደት መለኪያነት ከተቀመጠ ገና ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ታዲያ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የተነገረ ሚስቃል እንዴት አድርጎ 4 ግራም ከ250 ሚሊግራም ሆነ?

ሳንቲሙ ሲመዘን

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዐረቦች የራሳቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። በመካና በመዲና ይዘዋወር የነበረው የሮማውያን (የቢዛንታይን) የወርቅ ዲናርና የፋርስ የብር ዲርሃም ነበር። ሳንቲሙ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ የተሸረፈ ስለሆነ ነጋዴው ከመቁጠር ይልቅ መመዘንን ይመርጥ ነበር። አቡ ዳውድና ነሳኢ የዘገቡት አንድ ሐዲስ ለክብደት የመካን ሰዎች ሚዛን፣ ለስፍር ደግሞ የመዲናን ሰዎች መስፈሪያ መለኪያ ያደርጋል። ነገሩን ላስተዋለው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመካ ሰዎች ወርቅና ብር የሚመዝኑ ነጋዴዎች፣ የመዲና ሰዎች ደግሞ ተምርና ገብስ የሚሰፍሩ ገበሬዎች ነበሩ።

የራሱን ሙሉ እስላማዊ ገንዘብ ያስመታው የኡመያው ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን ነው። በ77 ዓመተ ሂጅራ (696/697 እ.ኤ.አ.) ምስል የሌለበት፣ በጽሑፍ ብቻ የተሞላ የወርቅ ዲናር ወጣ፤ የብሩ ዲርሃምም ተከተለ። የዲናሩ ክብደት አንድ ሚስቃል ሲሆን፣ አስር ዲርሃም ከሰባት ሚስቃል ጋር እኩል እንዲመዝን ተደረገ። ይህ የ10 እና የ7 ንጽጽር በፊቅህ ኪታቦች ሁሉ የምናገኘው ነው።

የዚያ ዘመን ዲናሮች ብዙዎቹ ዛሬም በየሙዚየሙ አሉ። በሚዛን ላይ ሲቀመጡ ክብደታቸው 4.25 ግራም አካባቢ ላይ ይሰበሰባል። የኒሳቡ ቁጥር የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው። 20 ሚስቃል በ4.25 ሲባዛ 85 ግራም ይሆናል። ዲርሃሙ የሚስቃል ሰባት አስረኛ ስለሆነ 2.975 ግራም ይመዝናል፤ 200 ዲርሃም 595 ግራም ነው። በግብፅ ደግሞ የሳንቲሙን ትክክለኛነት ለማረጋገጥ የገዢው ስም የታተመባቸው የመስታወት ሚዛን ድንጋዮች ይሠሩ ነበር። ለምን ከመስታወት? ብረት ቢሞረድ በቀላሉ አያስታውቅም፤ መስታወት ግን ሲሸረፍ ወዲያው ይታያል። ለአጭበርባሪ የማይመች ብልሃት ነው!

ዑለማኡ ሳንቲም ለሌለው ሰውም መንገድ አስቀምጠዋል። አብዛኞቹ እንዳሉት አንድ ሚስቃል 72 መካከለኛ የገብስ ፍሬ ይመዝናል። 4.25 ግራም ለ72 ሲካፈል አንዲቱ ፍሬ 0.059 ግራም ወይም 59 ሚሊግራም ትሆናለች። የጥንቱ ሰው «ሚሊ» የሚል ቃል ባይኖረውም ትንሹን ክብደት የሚይዝበት ነገር በእጁ ነበረው።

ስሙ ተጓዘ፣ ክብደቱ ቀረ

እዚህ ላይ የአገራችንን አንባቢ በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለ። በሐዲስ ውስጥ የብር ኒሳብ «አምስት ኡቂያ» ተብሎ ተነግሯል። አንድ ኡቂያ 40 ዲርሃም ስለሆነ 119 ግራም ነው፤ አምስቱ 595 ግራም። «ወቄት» የምንለው ቃል የተገኘው ከዚሁ ከዐረብኛው ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ወቄት በብዙ ቦታ ይለካ የነበረው በአንድ ማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲሆን፣ ይህም 28 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ «አምስት ኡቂያ» የሚለውን «አምስት ወቄት» ብሎ የተረዳ ሰው ኒሳቡን 140 ግራም ያደርገዋል፤ ከትክክለኛው ሩብ እንኳ አይሞላም። ዘካ የማይደርስበትን ሰው ዘካ አውጣ ማለት ነው። ተቃራኒው ቢሆን ደግሞ የሚስኪኑ ሐቅ ይቀራል።

ጠገራው ራሱ ንጹሕ ብር አልነበረም፤ ከ28.07 ግራም ውስጥ ንጹሑ 23.39 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አያቶቻችን በሳጥን ያስቀመጡት ጠገራ በንጹሕ ብሩ ከተሰላ 25 ሲሆን ኒሳብ አይሞላም፤ 26 ሲሆን ያልፋል። ፈረሱላም እንዲሁ ከቀይ ባሕርና ከህንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር የመጣ ቃል ነው። ከወደብ ወደብ፣ ከሸቀጥ ሸቀጥ ይለያይ ነበር፤ በእኛ የቡና ንግድ 17 ኪሎ ሆኖ ረጋ። ቁናና ዳውላማ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲሄዱ መጠናቸው እንደሚለወጥ ገበሬው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

አቡ ዩሱፍ በመዲና

በመስፈሪያ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ (በ150 ዓ.ሂ. ያረፉት) የሷዕ መጠን ስምንት የባግዳድ ረጥል ነው ይሉ ነበር። የሒጃዝ ዑለማእ ደግሞ አምስት ረጥል ከሲሶ ነው ይላሉ። የአቡ ሐኒፋ ታላቅ ተማሪ የነበሩት ቃዲ አቡ ዩሱፍ (በ182 ዓ.ሂ. ያረፉት) ወደ መዲና በመጡ ጊዜ ስለ ሷዕ ጠየቁ። «የነብዩ ሷዕ ይህ ነው» ተባሉ። ማስረጃ ፈለጉ። በይሀቂ እንደዘገቡት በማግስቱ ሃምሳ ያህል የሙሃጂሮችና የአንሷር ልጆች እያንዳንዳቸው ሷዓቸውን በኩታቸው ሥር ይዘው መጡ። አንዱ ከአባቱ፣ ሌላው ከቤተሰቡ ተቀብሎ፣ መስፈሪያው እስከ ነብዩ ዘመን የሚደርስ መሆኑን ተናገረ። አቡ ዩሱፍ ሲያስተያዩአቸው ሁሉም እኩል ሆኑ። ሲለኩት ከአምስት ረጥል ከሲሶ ጥቂት የሚያንስ ሆኖ አገኙት። ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ የመምህራቸውን አስተያየት ትተው የመዲናን ያዙ።

ሐዲስ በሰነድ እንደሚተላለፈው ሁሉ እዚህ ሰነድ ያለው እንጨት ሆነ ማለት ነው። አንድ ሊቅ ሃምሳ ቁና አስደርድሮ ሲያስተያይ፣ ሌላ አገር «ስታንዳርድ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ገብቶታል። ልዩነቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በሐነፊ መዝሀብ የአቡ ሐኒፋ አስተያየት ሲሠራበት ቆየ። ዛሬ ስለ ፊጥራ «ሁለት ኪሎ» እና «ሦስት ኪሎ» የሚባለው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ሒሳቡን ዝቅ ብለን እናየዋለን፤ መጀመሪያ ግን ኪሎ የሚባለውን እንግዳ እናስተዋውቅ።

ነጥብና አስርዮሽ

የሜትር ሥርዓት ሁለት እግር አለው። አንዱ መሬትን መለካት ነው፤ ሁለተኛው በአስር ማካፈል። ሁለቱም በሙስሊሙ ዓለም ቀድመው የታወቁ ነበሩ።

ኸሊፋው አል-መእሙን በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ወደ ሲንጃር በረሃ ላከ። አንዱ ቡድን ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ገመድ እየዘረጋ፣ ችካል እየተከለ ተጓዘ፤ የሰማዩ ዋልታ ከፍታ በአንድ ዲግሪ እስኪለወጥ ድረስ። ከውጤቶቹ በብዛት የሚጠቀሰው ለአንድ ዲግሪ 56 ከሁለት ሦስተኛ የዐረብ ማይል የሚለው ነው። በሌላ በኩል አል-ኡቅሊዲሲ የተባለው የሒሳብ ሰው በ341 ዓ.ሂ. በደማስቆ በጻፈው ኪታብ 19ን አምስት ጊዜ በግማሽ እየከፈለ ሄዶ 0.59375 ላይ ይደርሳል፤ የሙሉ ቁጥሩን ቦታ የሚለይበትም ምልክት አድርጎለታል። በ830 ዓ.ሂ. (1427 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጀምሺድ አል-ካሺ በሰመርቀንድ «ሚፍታሑል ሒሳብ» በተባለው ሥራው የአስርዮሽ ክፍልፋይን በሥርዓት አብራራ። በአውሮፓ ይህን ትምህርት ያስፋፋው የስቴቪን መጽሐፍ የታተመው በ1585 ነው።

ይህን ያልኩት ፈረንሳዮቹ ከካሺ ቀዱ ለማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ችኮላ ለእኛም አያስከብረንም። ነጥብ የሌለበት ሒሳብ ግን ሚሊም ሆነ ሴንቲ ሊወልድ እንደማይችል ግልጽ ነው።

የፓሪሱ መሰላል

ከአብዮቱ በፊት በፈረንሳይ መስፈሪያው ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር፤ ባላባቱ ከገበሬው እህል ሲቀበል ትልቁን፣ ሲሸጥ ትንሹን መስፈሪያ ያወጣል የሚለው ስሞታም የታወቀ ነበር። ይህ ማለት ያው ሙጠፊፍ ነው። በ1791 ሜትር ማለት ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት አንድ አስር ሚሊዮንኛ እንዲሆን ተወሰነ። ዴላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከ1792 እስከ 1798 ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን መሬት በጦርነትና በሁከት መካከል ለኩ። የአል-መእሙን ሰዎች በሲንጃር የሠሩት ዓይነት ሥራ፣ በተሻለ መሣሪያ።

ስሞቹ የወጡት ሚያዝያ 7 ቀን 1795 እ.ኤ.አ. በታወጀው ሕግ ነው። ሜትር ለርዝመት፣ ሊትር ለይዘት፣ ግራም ለክብደት። ብልሃቱ ግን ከፊታቸው የሚቀጠሉት ቃላት ላይ ነው። ሲበዛ ከግሪክ፣ ሲያንስ ከላቲን ተወሰደ። ዴካ አስር፣ ሄክቶ መቶ፣ ኪሎ ሺህ ነው። ዴሲ አስረኛ፣ ሴንቲ መቶኛ፣ ሚሊ ሺኛ ነው። እነዚህ ቅጥያዎች በራሳቸው ምንም አይመዝኑም፤ የሚናገሩት «ስንት ጊዜ» የሚለውን ብቻ ነው። «ስንት ኪሎ ስኳር?» ስንል የምንጠይቀው «ስንት ሺህ?» ብለን ነው፤ ግራም የሚለውን አፋችን ውጦታል።

እንደ መሰላል እንያቸው። ከላይ ወደ ታች ኪሎ፣ ሄክቶ፣ ዴካ፣ ከዚያ መሬቱ (ግራም ወይም ሜትር ወይም ሊትር)፣ ከዚያ ዴሲ፣ ሴንቲ፣ ሚሊ። አንድ ደረጃ በወረድን ቁጥር በአስር እናባዛለን፤ በወጣን ቁጥር ለአስር እናካፍላለን። ከኪሎ ወደ ግራም ሦስት ደረጃ ነው፤ ነጥቧ ሦስት ቤት ወደ ቀኝ ትሄዳለች። 2.04 ኪሎ 2040 ግራም ነው። ይህን «ሁለት ኪሎ ከአራት ግራም» ብለው የሚያነቡ አሉ፤ ከነጥብ በኋላ ያለችው ዜሮ ዝም ብላ የተቀመጠች ይመስላቸዋል። ሁለት ኪሎ ከ40 ግራም ነው።

ከኪሎ በላይና ከሚሊ በታች እርምጃው ይረዝማል፤ በሺህ ሺህ ነው የሚዘለለው። ማይክሮ የሚሊ ሺኛ፣ ናኖ ደግሞ የማይክሮ ሺኛ ነው። ሜጋ፣ ጊጋ፣ ቴራ ወደ ላይ እንዲሁ። እነዚህ በ1960 በጸደቀው ዓለም አቀፍ የመለኪያ ሥርዓት ውስጥ የገቡ ሲሆን፣ በ2022 ሮናና ኩዌታ የተባሉ እጅግ ግዙፍ ቁጥሮችን የሚጠሩ ቅጥያዎችም ተጨምረዋል። ለቤተሰብ የሚያስፈልጉ አይደሉም።

አንድ ወጥመድ ግን ልጆች ሁልጊዜ ይወድቁበታል። አንድ ሜትር 100 ሴንቲሜትር ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ግን 100 ካሬ ሴንቲሜትር አይደለም። ወርዱም ቁመቱም በመቶ ስለሚባዛ 10,000 ነው።

ሕዝቡ አዲሱን መለኪያ ወዲያው አልተቀበለም። ናፖሌዎን በ1812 አሮጌዎቹ ስሞች እንዲመለሱ ፈቀደ፤ ሜትር እንደገና ግዴታ የሆነው ከ1840 ጀምሮ ነው። የኦቶማን መንግሥት በ1869 ሕግ አወጣ፤ በ1875 በፓሪስ የሜትርን ስምምነት ከፈረሙት 17 መንግሥታትም አንዱ ነበር። ኢትዮጵያ የሜትርን ሥርዓት በሕግ የተቀበለችው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። «ኩንታል» የሚለው ቃል ያደረገው ጉዞ ደግሞ ያስገርማል። ከላቲን ተነስቶ ዐረቦች ዘንድ «ቂንጧር» ሆነ፤ በቁርኣንም ለብዙ ሀብት መግለጫ ተጠቅሷል። ከዐረቦች ወደ አውሮፓ ተሻግሮ «ኩዊንታል» ተባለ፤ በመጨረሻም 100 ኪሎ ሆኖ ወደ እኛ ጎተራ ገባ።

ሷዕ በግራም

አሁን የተውነውን ሒሳብ እናንሳ። የባግዳድ ረጥል 90 ሚስቃል ነው ተብሏል። 90 በ4.25 ሲባዛ 382.5 ግራም ነው። ይህን በአምስት ከሲሶ ብናባዛ 2040 ግራም፣ ማለትም 2.04 ኪሎ እናገኛለን። በስምንት ብናባዛው ደግሞ 3060 ግራም ወይም 3.06 ኪሎ። ሁለቱ የፊጥራ ቁጥሮች ከአንድ ምንጭ መቀዳታቸውን ልብ ይሏል።

የእህል ኒሳብ አምስት ወስቅ ነው። አንድ ወስቅ 60 ሷዕ ስለሆነ በጠቅላላው 300 ሷዕ ይሆናል። በመጀመሪያው ስሌት 612 ኪሎ፣ ይኸውም ስድስት ኩንታል ከ12 ኪሎ ነው። ዲርሃሙን ከፍ አድርገው የመዘኑ ጸሐፊዎች 653 ኪሎ ላይ ደርሰዋል። ማንኛውም ስሌት ቢያዝ ግን ሷዕ በመሠረቱ የስፍር ዕቃ እንጂ የሚዛን ድንጋይ አለመሆኑን መርሳት አይገባም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትር ስንዴ ግን ከዚያ ያንሳል፤ ዱቄቱም፣ ያልተፈተገው ገብስም የየራሳቸው ክብደት አላቸው። ስለዚህ «ሷዕ ስንት ኪሎ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «የምን ሷዕ?» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ለተጠራጠረ ሰው የሚሻለው አንድ ጊዜ የለካውን ዕቃ ቤቱ አስቀምጦ በዓመቱ በዚያው መስፈር ነው። የመዲና ቤተሰቦች ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ከመድኃኒት ጠርሙስ እስከ ወርቅ ቤት

በዘካው የተሳሳተ ነገ ሊያስተካክል ይችላል። የመድኃኒት ስህተት ግን ጊዜ አይሰጥም። በጠርሙሱ ላይ «125 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ተብሎ ሲጻፍ፣ ሚሊግራሙ የመድኃኒቱ ክብደት ነው፤ ሚሊሊትሩ ደግሞ የሽሮፑ ብዛት። ሐኪሙ ለሕፃኑ 250 ሚሊግራም ካዘዘ የሚጠጣው 10 ሚሊሊትር ይሆናል እንጂ 250 ሚሊሊትር አይደለም፤ ይኼማ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ነው። ጠርሙሱ ተቀይሮ «250 በ5» የሚል ከመጣ ደግሞ 5 ሚሊሊትር ይበቃል። የቤት የሻይ ማንኪያ አንዱ ካንዱ ስለሚለያይ ከመድኃኒቱ ጋር በሚሰጠው መለኪያ መጠቀም ይገባል። ማይክሮግራምና ሚሊግራም በአጻጻፍ ቢቀራረቡም በመካከላቸው ሺህ እጥፍ አለ። እናቶች ፋርማሲስቱን ደግመው ቢጠይቁ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወርቅ ቤት ስንገባ «ካራት» ይጠብቀናል። ይህም ቃል ከዐረብኛው «ቂራጥ» የመጣ ሲሆን፣ የዐረብኛውም ከግሪክ ነው፤ የአንድ ዛፍ ፍሬ ስም ነበር። ዛሬ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። ለአልማዝና ለከበሩ ድንጋዮች ካራት ክብደት ነው፤ በ1907 በተደረገው ዓለም አቀፍ ውሳኔ 200 ሚሊግራም ሆኗል። ለወርቅ ግን ካራት የንጽሕና መለኪያ ነው፤ ከ24 ክፍል ስንቱ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ 85 ግራም የሚለው ኒሳብ የ24 ካራት ነው። ወርቁ 21 ካራት ከሆነ 85ን በ24 አባዝቶ ለ21 ማካፈል ነው፤ 97 ግራም ከ140 ሚሊግራም ይመጣል። 18 ካራት ከሆነ 113 ግራም ከሲሶ ይሆናል። ሴት የምታጌጥበት ወርቅ ዘካ አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ መዝሀቦች ተለያይተዋል፤ ያ ሌላ ርዕስ ነው። ወርቁን ወደ ሚዛን ይዘው ሲሄዱ ግን ድንጋዩና ፈርጡ አብሮ እንዳይመዘን መጀመሪያ ይንገሩ።